ሙሉ ወንበር

ወረቀቱን ያስቀመጡልኝ ከውሃው ብርጭቆ አጠገብ ነው፤ ብዕርም አብረው አስቀምጠውልኛል። «ይህቺ እንኳን ለፎርማሊቲ ያህል ናት» አለችኝ የጉባኤው ሰብሳቢ። እኔ ደግሞ ለፎርማሊቲ ነው ሲሉኝ ነው ይበልጥ የምጠራጠረው። አገር ቤት ዳኛ ሆኜ ስሠራ ሳያነብ ፈርሞ ፊቴ ቆሞ የሚያለቅስ ሰው ስንቱን አይቻለሁ መሰላችሁ። ብዕሩን ትቼ ወረቀቱን አነሳሁና ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ጉባኤው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የአንድ ካውንቲ ነው፣ እንደኛ ወረዳ በሉት፤ የቱ ነው ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ፤ እዚሁ ዲሲ ዙሪያ ነው፣ ይበቃችኋል። አንድ ሰው የምግብ ድጎማው ሲቋረጥበት፣ የቤት ኪራይ እርዳታ ሲከለከል፣ ወይም ቤቱ እየመጣች የምታግዘው ሠራተኛ ሰዓት ሲቀነስበት ይግባኝ ይላል። ይግባኙን ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ይሰማሉ። ሰብሳቢዋ ሥራውን ትመራለች እንጂ ከሦስቱ ጋር አትፈርድም። ከሦስቱ አንዱ የግድ የሕግ ባለሙያ መሆን አለበት። ያ የሕግ ባለሙያው ወንበር ባዶ ሆኖ ማስታወቂያ ወጣ፤ እኔም አፕላይ አደረግኩ።

ምን ቆርጦሽ ትሉኝ ይሆናል። እዚህ አገር ስመጣ ሄርንደን አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። እየሠራሁ ተማርኩ፤ የጥብቅና ፈተናውን ወድቄም ተነስቼም አለፍኩ፤ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ የኢሚግሬሽን ጉዳይ እሠራለሁ። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው።

ወንበሩን የፈለግኩት ግን ለጉራ አልነበረም። ጥብቅናውን ከማግኘቴ በፊት በዚሁ ጉባኤ ፊት እያስተረጎምኩ እሠራ ነበር። አንድ ቀን አንድ አባት ቀረቡ፤ ሰውነታቸው አልቆ ልብሳቸው ብቻ የቀረ ይመስላል። «ሕመምዎ እንዴት ነው?» ተባሉ። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ። አስተርጓሚ የሰማውን ነው የሚለው፤ እኔም በእንግሊዝኛ «ደህና ነኝ ይላሉ» አልኩ። ጉባኤውም ደህና ናቸው ብሎ መዝገቡን ዘጋው። የኛ ሰው ነፍሱ ልትወጣ አፋፍ ላይ ብትሆን እንኳ ደህና ነኝ እንደሚል ማን ይንገራቸው? እኔ እንዳልናገር አፌ የኪራይ ነው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በንዴት አለቀስኩ። ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ካልተቀመጥኩ ለነዚህ ሰዎች ምንም አልጠቅምም ያልኩት ያን ቀን ነው።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ይግባኝ ባዩ የእኔ ማኅበረሰብ አባል በሆነበት ጉዳይ ሁሉ ከችሎት እነሳለሁ። ኢትዮጵያዊ በመጣ ቁጥር ወንበሬን ለቅቄ ኮሪደር ላይ እጠብቃለሁ ማለት ነው።

«ይህን ሌሎቹ አባላት ፈርመዋል?» አልኩ።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን ወደ ፀጉሯ ገፋ አደረገች። ዕድሜዋ የገፋ፣ ቀጠን ያለች፣ ረጅም ዘመን ጥብቅና ቆማ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። «ለነሱ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም» አለች።

«ለምን?»

«እነሱ እንደ እናንተ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ማኅበረሰብ የላቸውም።»

ደሜ ፈላ። ቃለ መጠይቅ ላይ ደም ማፍላት ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ፈላ፣ ምን ላድርገው። አጠገቧ ወደ ተቀመጠው አባል ዞርኩ፤ ቀይ ክራባት ያሰረ፣ የሕንፃ ዕቃ ንግድ ያለው ሰውዬ ነው። «እርስዎ ጎረቤት የለዎትም? ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም? ልጅዎ ኳስ የሚጫወትበት ሜዳ ዳር ሲቆሙ ሰላም የሚልዎት ሰው የለም?» አልኩት።

«አለ እንጂ» አለ ሰውዬው ሳያስበው። ወዲያው ሰብሳቢዋን አየት አደረገ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አልኩ። «ዘመዴ ከመጣ እነሳለሁ። ጓደኛዬ፣ ደንበኛዬ፣ ጎረቤቴ ከመጣ እነሳለሁ። ሕጉ ሁላችንንም ያዘዘን ይህንኑ ነው። የአገሬ ሰው ስለሆነ ብቻ ግን አልነሳም። እኔ ያመለከትኩት ለሙሉ ወንበር ነው፤ ግማሹን ብቻ ልትሰጡኝ ከሆነ ለሌላ ሰው ስጡት።» ብዕሩን ወደ እሷ አንከባለልኩና ቦርሳዬን አነሳሁ።

ጀግና መሰልኳችሁ አይደል? ፓርኪንግ ስደርስ ቁልፌን ሁለቴ መሬት ላይ ጣልኩት።  ያን ያህል ዓመት የለፋሁበትን ነገር በአንድ ንግግር ገደል የከተትኩት መሰለኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። «ፈርመሽ አትገቢም ነበር? ከገባሽ በኋላ ቀስ ብለሽ ታስተካክይዋለሽ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰላም ይወዳል፣ ሰላም ሲበዛበት ግን ያናድደኛል። ልጃችን ከሶፋው ላይ ከስልኳ ቀና ሳትል «ማሚ፣ ዛት ኢዝ ሶ ኢሊጋል» አለች። ሕገ ወጥ ነው ማለቷ ነው። የሕግ ባለሙያዋ እናቷ እያለሁ ያን ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ለማንኛውም ስማት ብዬ አባቷን ጠቆምኩት።

ሳምንታት አለፉ። ቀርቷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ከካውንቲው ኮል አደረጉኝ። የካውንቲው ጠበቃ ወረቀቱን አይቶት «ይህን ማንንም ማስፈረም አትችሉም» ብሏቸው ኖሯል። ተሾምሽ ተባልኩ። እልልታዬን ልጄ ከፎቅ ሰምታ ሰው የሞተ መስሏት ሮጣ ወረደች። ቀኝ እጄን አንስቼ የማልኩ ዕለት ሰብሳቢዋ ጨበጠችኝና «እንግዲህ እናያለን» አለች። እኔም «እናያለን» አልኳት።

አሁን ደግሞ የኛን ሰዎች ልንገራችሁ። መሾሜ በተሰማ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በስሜ አንስተው አስጨበጨቡልኝ። «ልጃችን ዳኛ ሆነች!» ተባለ። ዳኛ እንኳ አይደለሁም፣ አባል ነኝ፤ ማን ሊሰማኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማላውቀው ሁሉ «እህታለም እንዴት ነሽ፣ ጠፋሽ እኮ» እያለ ይደውል ጀመር። ጉዳይ ያለበትን ከድምፁ እለየዋለሁ፤ ስለ ጤንነቴ በጣም ይጨነቃል። «ጉዳይ ካለህ በጉባኤው በኩል» እያልኩ ስዘጋ ከረምኩ።

ስልክ መዝጋት ቀላል ነው። በር መዝጋት ነው የሚከብደው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ሲንኳኳ ብከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል። መሪያቸው እዚሁ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ በአስታራቂነታቸው ከሮክቪል እስከ በርክ የታወቁ አባት ናቸው። ስንቱን የፈረሰ ትዳር መልሰዋል። የኔንም። አንድ ጊዜ እኔና ባለቤቴ ሻንጣ እስከ መያዝ ደርሰን፣ በዚያ በረዶ ድልድዩን ተሻግረው መጥተው ያስታረቁን እሳቸው ናቸው። እና እንዴት ብዬ በር ላይ አቆማቸዋለሁ? «ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ» አልኩ።

ገቡ። «ተቀመጡ» አልኩ።

«የለም ልጄ፣ እሺ ሳትይን አንቀመጥም።»

ይህቺን ቃል የሰማ ሐበሻ የቀረውን ያውቀዋል። ሽማግሌ ቆሞ ከለመነ፣ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም።  የባለቤቴ እርምጃ ከኩሽና ወደኛ መጣና በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አንዲት እናታችን አሉ» ብለው ጀመሩ፣ «በመጪው ሳምንት እናንተ ዘንድ...»

«በቃ!» አልኩ።

በሕይወቴ ሽማግሌን «በቃ» ብዬ አላውቅም። ከአፌ ሲወጣ እኔ ራሴም ደነገጥኩ። ሦስቱም ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ።

«ገና ምኑን ሰማሽና ነው በቃ የምትይን?»

«መስማት ስለሌለብኝ ነው አባባ። አንድ ቃል ከጨመሩ ያንን ጉዳይ የማየት መብት የለኝም። ትቼው እወጣለሁ። እናታችንን የጎዷቸው ደግሞ እርስዎ ይሆናሉ።»

«እኛ ጉቦ አልያዝን። ሽማግሌ ነን እኮ!»

«ዳኛ ዘንድ ሽማግሌ አይላክም።»

«አገር ቤት ይላካል።»

«ይላክ ነበር፤ ያኔም ልክ አልነበረም። ቤቴ ድረስ መጥተው ይለምኑኝ ነበር፤ ያኔም አልሰማሁም፣ ዛሬም አልሰማም።»

 ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩት አንጀቴ ድረስ ገባ። «ትዳርሽ ሊፈርስ ሲል የደረስንልሽ እኛ ነን።»

ምን ይባላል? እውነታቸውን ነው። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ብስም ይገባቸዋል። «እኔ ልሙት አባባ፣ ውለታዎን አልረሳሁም» አልኩ። «ነገ ለራሴ ጉዳይ ቢጠሩኝ እሮጣለሁ። ይህ ወንበር ግን የኔ አይደለም፤ የማውሰው ነገር አይደለም። በሞቴ፣ ሳይነግሩኝ ይሂዱልኝ።»

ሳይቀመጡ ሄዱ። ባለቤቴ እስከ መኪናቸው ሸኝቷቸው ተመለሰና ፊቴን እንኳ ሳያይ ወደ መኝታ ቤት ገባ። አገር ምድሩ የሚያከብራቸውን ሰው ከቤቱ አባርሬያለሁና አልፈርድበትም። እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ሰብሳቢዋ የኛን ሰው አላምንም ብላ ወረቀት አቀረበችልኝ፤ የኛ ሰዎች ደግሞ ወረቀቱን ትክክል ሊያደርጉላት ድልድይ ተሻግረው መጡ። በሁለቱም ተናደድኩ። ተናደድኩ ሲባል፣ ምግብ እንኳ አልወረደልኝም።

ሰኞ ጠዋት ቀጥ ብዬ ሰብሳቢዋ ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት። ማን እንደመጣ፣ እስከ የት እንደተናገሩ፣ የት ላይ እንዳቆምኳቸው።

«ወረቀቱ የታሰበው እኮ ለዚሁ ነበር» አለች። መደሰቷን ለመደበቅ እንኳ አልደከመችም።

«መጥተዋል፤ እኔም መጥቼ ነገርኩዎት። ሌሎቹን አባላት ጓደኛቸው ጓሮው ሥጋ እየጠበሰ ጠጋ ብሎ ስለ ጉዳዩ ሹክ ሲላቸው፣ ሰኞ ጠዋት መጥቶ የሚነግርዎ ማነው?»

 እሷ ግን «ከጉዳዩ ትነሻለሽ?» አለች።

«አልነሳም። ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ለምን እነሳለሁ? በችሎት በግልጽ እናገራለሁ። ተቃውሞ ከቀረበ እነሳለሁ፤ ሕጉ የሚለው ይህንን ነው።»

«የካውንቲው ተወካይ ከተቃወመ» አለች መነጽሯን እያወረደች፣ «ያንን ወረቀት እንደ ጉባኤው ደንብ አድርጌ ለድምፅ አቀርበዋለሁ። በዚህ ጊዜ ጠበቃውም እምቢ የሚል አይመስለኝም።» ማለትም አንድ ሰው «እቃወማለሁ» ካለ፣ እኔም ከኔ በኋላ የሚመጣ የኛ ሰውም ለሁልጊዜው ግማሽ ወንበር ላይ እንቀመጣለን።

የችሎቱ ቀን ደረሰ። ጉዳዩን የምጽፈው እናቲቱ ራሳቸው በኋላ በአደባባይ ስለተናገሩት ነው፤ አለበለዚያ ትንፍሽ አልልም ነበር። ዎከራቸውን፣ ያን ባለ አራት እግር መደገፊያ፣ እየገፉ ገቡ፤ ነጠላቸው እንደ ወተት ነጭ ነው። በቤተ ክርስቲያን በዓይን አውቃቸዋለሁ፤ ከሰላምታ ያለፈ ግን አውርተን አናውቅም። አስተርጓሚው በስልክ ነው፣ ድምፁ ከጠረጴዛው መሐል ይመጣል። እኔም ከመጀመሩ በፊት በእንግሊዝኛ ተናገርኩ፦ ከይግባኝ ባይዋ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ በዚህ ሳምንት ስለሚታይ ጉዳይ ሊያናግሩኝ ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው ነበር፤ ስለ ጉዳዩ ምንም ሳይነግሩኝ መልሻቸዋለሁ። ተቃውሞ ያለው ይናገር።

አስተርጓሚው ይህን ወደ አማርኛ ሲመልሰው የእናቲቱ ዓይን ፈጠጠ። አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። እኔ ያኔ ያጋለጥኳቸው መስሏቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

«እኔ የምቃወመው የለኝም» አሉ ብቻ።

የካውንቲው ተወካይ ወጣት ነው፤ የሸሚዙ አንገትጌ ሰፍቶታል። ሰብሳቢዋ ከኋላ ካለው ወንበር ተቀምጣ ታየዋለች። ወረቀቱን አገላበጠ። አንድ ደቂቃ ስጡኝ ብሎ ስልክ ሊደውል ወጣ። ያ በር እስኪከፈት ድረስ ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም። ተመልሶ ገባና ተቀመጠ። «ባትነግሩን ኖሮ እንቃወም ነበር» አለ። «ስለነገራችሁን ተቃውሞ የለንም።»

ተመስገን አልኩ በሆዴ፤ በአፌ «እንቀጥል» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቲቱን ግራ ጎን ስትሮክ መትቶት ደክሟል። በየቀኑ እየመጣች የምታጥባቸውና የምታለብሳቸው ሠራተኛ ነበረቻቸው። ካውንቲው እርዳታው ያስፈልጋቸው እንደሆን እንድታይ አንዲት ገምጋሚ ላከ። ገምጋሚዋ ያየችውን ጽፋለች፦ በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ በደንብ ለብሰዋል፤ ቆመው ምግብና መጠጥ አቀረቡልኝ፤ እንዴት ነዎት ብላቸው በጣም ደህና ነኝ አሉ። በዚህ ምክንያት ሰዓቱ ተቆረጠ። አልዋሸችም፣ ያየችውን ነው የጻፈችው።

«ሠራተኛዋ ሳትኖር ይታጠባሉ?» ብሎ ባለ ቀይ ክራባቱ ነጋዴ ጠየቀ።

«ተመስገን» አሉ እናቲቱ።

ሰውዬው ጻፈ። እንደዚያኛው አባት ሊሆን ነው፣ ወየው! አሁን ግን ወዲያ ማዶ ተቀምጬ ነበር፤ አፌም የራሴ ነው። «ገምጋሚዋ ከሄደች በኋላ ምን አደረጉ?» አልኩ በእንግሊዝኛ።

አስተርጓሚው መለሰው። እናቲቱ ወደ ዎከራቸው አዩ።

«ከዚያማ ወደቅኩ» አሉ። «ሶፋው ጋ ሳልደርስ ምንጣፉ ላይ ወደቅኩ። ልጄ ከሥራ ስትመለስ ነው ያነሳችኝ።»

«ታዲያ ለምን ተነስተው አስተናገዱ?»

«እንዴ! እንግዳ ናታ! ቤቴ ድረስ መጥታ አፏን ሳታርስ ትሂድ?»

ሦስተኛዋ አባል ነርስ ሆና የኖረች ሴት ናት፤ ወንበሯን ወደፊት ሳበች። ቀስ ብላ ስለ መታጠብ፣ ስለ መልበስ፣ ስለ መጸዳጃ ጠየቀቻቸው። እናቲቱ መጀመሪያ ዙሪያውን ይዞሩ ነበር። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ተናገሩ። ካልታገዙ እንደማይታጠቡ። ልጃቸው ሁለት ሥራ ስለምትሠራ ሁልጊዜ እንደማትደርስ። ሽታቸውን ሰው እንዳያውቅባቸው ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ ኋላ በሩ አጠገብ እንደሚቆሙ። የስልኩ ድምፅ ይህን ሁሉ በጠራ እንግሊዝኛ ለማያውቋቸው ሰዎች እየዘረዘረ ነበር።

ሲጨርሱ እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ መናገር ነበረብኝ?» አሉ።

ምንም በሉኝ፤ ተነስቼ እግራቸውን ብስም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጉባኤ ላይ ነኝ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፣ ተወካዩም ያያል። ዓይኔን ወረቀቴ ላይ ተክዬ «አመሰግናለሁ፤ ሌላ የሚጨምሩት አለ?» አልኩ በእንግሊዝኛ። ከስልኩ በአማርኛ ሲሰሙት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሦስታችንም ተስማማን፤ ሰዓታቸው ይመለስላቸው ብለን ወሰንን። ውሳኔውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንዲት የእንባ ጠብታ የሌለበት፣ ሕግና ማስረጃ ብቻ። የሰብሳቢዋ ወረቀትም ለድምፅ አልቀረበም። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ «ጥሩ ጥያቄ ነበር» አለችኝ፤ ከሷ አፍ ይህ ብዙ ነው። አሸነፍኩ ብዬ እየበረርኩ ቤቴ ገባሁ።

ምን ያደርጋል! በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞልቷል። እኔ ከልጄ ጋር ጥግ ይዘን ተቀምጠናል። የአሌክሳንድሪያው አባት ማይክሮፎኑን ተቀብለው ቆሙ። «እንኳን ደስ አላችሁ» አሉ። «የእናታችን ጉዳይ በሽምግልና አለቀ። ለልጃችን ነገርናት፤ ትንሽ ብትቆጣንም አላሳፈረችንም። ሌላም ጉዳይ ያለው ቢኖር እኛ አለን።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ በተቀመጥኩበት ሞትኩ። ያ ሁሉ ትግል፣ ያ ሁሉ እምቢታ፣ በአንድ ማይክሮፎን አለቀ! ይህን ወሬ አንድ ሰው ወስዶ ለካውንቲው ቢነግር ውሳኔው ይፈርሳል፤ እናቲቱ ሰዓታቸውን ያጣሉ፤ ወረቀቱም ተመልሶ ይመጣል። እውነት የኔ ናት ብል ማን ያምነኛል? ልጄ ክንዴን ይዛ «ማሚ፣ ሴይ ሳምቲንግ» አለችኝ፤ ተናገሪ እንጂ ማለቷ ነው። የምናገረውን በአፌ ሞልቼ ተነሳሁ።

ቀደሙኝ። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ የዎከር ድምፅ ተሰማ። እናቲቱ መሐል መሐሉን ይዘው መጡ፤ ሰው ወንበሩን እየሳበ አሳለፋቸው። ሽማግሌው ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ማይክሮፎን አልጠየቁም።

«ማነው የላካችሁ?» አሉ።

«እማማ፣ እኛ ለእርስዎ ብለን...»

«ማነው የላካችሁ አልኩ? ሽማግሌ የሚልክ ያጠፋ ሰው ነው። እኔ ምን አጥፍቻለሁ?»

 አንድ ልጅ ጭማቂ ሲመጥ ይሰማ ነበር።

«ለሴት ልጄ እንኳ የማልነግረውን ነው የተናገርኩት» አሉ፤ ድምፃቸው ቢንቀጠቀጥም አልወረደም። «ገላዬን መታጠብ እንዳቃተኝ፣ እንደምሸት፣ ለማላውቃቸው ሰዎች በስልክ በኩል ተናግሬ ነው ያገኘሁት። እኔ ተዋርጄ ያገኘሁትን እናንተ ምስጋናውን ትወስዳላችሁ? ደግሞ ይቺን ልጅ ነገር ውስጥ ትከቷታላችሁ? በሉ፣ እንዳልላክኋችሁ ለዚህ ሕዝብ ይንገሩልኝ።»

ሽማግሌው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ፤ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። እኔንም አዩኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም፤ እሳቸውም አልሰበሩም። ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«አልላኩንም» አሉ። «በራሳችን ነው የሄድነው። እሷም ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አላስነገረችንም፤ ከቤቷ አስወጣችን።»